የሁለት እጅ ሰይፍ በጨዋታ ሰንጠረዥና በሚዛን ላይ



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሰይፍና ስለ ጨዋታ መነገሩ ለጊዜው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአንድ የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ የታተመ አኃዝ ነው። ያ አኃዝ ዕቃው በሚዛን ላይ ከሚያሳየው ክብደት በአራት እጥፍ በልጦ ተጻፈ፤ ከተጻፈም በኋላ ለብዙ ወጣቶች የታሪክ ዕውቀት ሆኖ ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። ስለዚህ ጉዳዩ የልኬት ጉዳይ ነው፤ ልኬት ደግሞ ለዚህ ጉባኤ አባላት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጽ ይገባል።

ጨዋታውና ሰንጠረዡ

ሚና የመጫወት ጨዋታ የሚባለው በጠረጴዛ ዙሪያ በጥቂት ሰዎች የሚካሄድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ የታሪኩን ዓለም ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው፣ ማለትም የጦረኛን፣ የካህንን፣ የአስማተኛን ወይም የሌባን ሚና ይይዛሉ። ጦረኛው ጠላቱን መታ ወይስ ሳተ የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው ዳይስ በሚባለው ባለ ብዙ ገጽ የዕጣ መጣያና በመጽሐፍ በተደነገገ ሕግ ነው። በዚህ ዓይነት ለገበያ ከቀረቡት ጨዋታዎች የመጀመሪያው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ሲሆን፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት በ1974 ታተመ። አሳታሚው በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ የነበረው ቲ.ኤስ.አር. የተባለ ድርጅት ነበር። ከእርሱ በፊት ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ቼይንሜይል የተባለ የጦር ሜዳ ጨዋታ በ1971 አሳትመው ስለ ነበር፣ የአዲሱ ጨዋታ የውጊያ ሥርዓት ከዚያ የተወረሰ ብዙ ነገር ነበረው።

የጨዋታው ዓለም ዘንዶና ልዩ ልዩ ግዙፍ ፍጡራን የሚኖሩበት የተረት ዓለም ቢሆንም የጦር መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ መሣሪያ በሰንጠረዥ ተመዝግቦ ዋጋው፣ ክብደቱ፣ ፍጥነቱና የሚያደርሰው ጉዳት በአኃዝ ይገለጻል። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ክብደት የሚቈጠረው በወርቅ ሳንቲም ሲሆን ዐሥሩ ሳንቲም አንድ ፓውንድ ይመዝናል። በዚሁ መጽሐፍ የሁለት እጅ ሰይፍ ክብደት 250 ሳንቲም ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ይህም 25 ፓውንድ ወይም 11.3 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በአንድ እጅ የሚያዘው ሰይፍ 60 ሳንቲም፣ ማለትም 6 ፓውንድ ወይም 2.7 ኪሎ ግራም ተደርጎ ተመዝግቧል።

ከክብደቱ ጎን ለጎን የፍጥነት አኃዝ ተሰጥቷል። አኃዙ ከፍ ባለ መጠን መሣሪያው ዘገምተኛ ነው ማለት ነው። ጩቤ 2፣ በአንድ እጅ የሚያዘው ሰይፍ 5፣ የሁለት እጅ ሰይፍ 10 ነው። በልዋጩ የሁለት እጅ ሰይፍ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 10፣ በግዙፍ ፍጡር ላይ ከ3 እስከ 18 ሲሆን፣ ለአንድ እጁ ሰይፍ የተሰጠው ከ1 እስከ 8 እና ከ1 እስከ 12 ነው። ከእነዚህ አኃዞች ተነሥቶ በአንባቢው አእምሮ የሚሳለው ሥዕል ግልጽ ነው። የሁለት እጅ ሰይፍ ማለት ባለ ጡንቻ ሰው በጭንቅ የሚያነሣው፣ ተነሥቶ እስኪወርድ ጊዜ የሚፈጅ፣ ከወረደ ግን የነካውን ሁሉ የሚያደቅ ብረት ነው።

ለደራሲዎቹ ፍርድን ላለማዛባት አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። በ1979 የታተመው የጨዋታው መሪ መመሪያ ስለ ዕቃ ሸክም ሲያብራራ፣ በሰንጠረዡ የተሰጡት የሸክም አኃዞች ክብደትን ብቻ ሳይሆን ለመያዝ አለመመቸትንም አጣምረው የሚገልጹ መሆናቸውን አስታውቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በ1989 ሁለተኛው እትም ሲወጣ የሁለት እጅ ሰይፍ በግልጽ በፓውንድ ተመዝግቦ 15 ፓውንድ፣ ማለትም 6.8 ኪሎ ግራም ሆነ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ስሙን ወደ ታላቅ ሰይፍ ቢለውጠውም 15 ፓውንዱን አልነካውም። በ2003 ይኸው እትም ሲታረም 8 ፓውንድ ተባለ፤ በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ 6 ፓውንድ ወይም 2.7 ኪሎ ግራም ሆነ።

እንግዲህ በ36 ዓመታት ውስጥ አኃዙ 25፣ 15፣ 15፣ 8፣ 6 እየሆነ ከሩብ በታች ወርዷል። በ2014 ለሁለት እጁ ሰይፍ የተሰጠው ክብደት በ1978 ለአንድ እጁ ሰይፍ ተሰጥቶ የነበረው መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የተቀመጡት ሰይፎች አንዲት ግራም አልቀነሱም።

ሚዛን የሚናገረው

የሁለት እጅ ሰይፍ የሚለው ስም ቢያንስ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎችን ይጠቀልላል። የመጀመሪያው በ14ኛውና በ15ኛው ምዕተ ዓመት በሰፊው የተሠራበት ረጅም ሰይፍ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሁለተኛው በ16ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን፣ በስዊስ፣ በኢጣሊያና በአይቤሪያ ምድር የተስፋፋው ትልቁ የሁለት እጅ ሰይፍ ነው። ይህኛው ከ150 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ለጦርነት የተሠራው በአብዛኛው ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ይይዙት የነበረው ክሌይሞር የተባለው ሰይፍም ወደ 140 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው።

እነዚህ መረጃዎች ጨዋታው ከመታተሙ በፊትም የተሰወሩ አልነበሩም። እንግሊዛዊው ኢዋርት ኦክሾት የመካከለኛውን ዘመን ሰይፎች በዓይነታቸው የመደበበትን ሥራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሳትሟል። በለንደን የሚገኘው የዋላስ ስብስብ በ1962 ባሳተመው የጦር መሣሪያ መዝገብም የሰይፎቹ ርዝመትና ክብደት በየተራ ቁጥራቸው ሰፍሯል።

ከዚህ ልክ የሚወጡ ሰይፎች መኖራቸው አይካድም። በኔዘርላንድስ በሌዋርደን ከተማ በሚገኘው የፍሪስላንድ ቤተ መዘክር፣ በ1520 የሞተው ፒር ጌርሎፍስ ዶንያ የተባለው ዐማፂ ይዞት ነበር ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ሰይፍ አለ። ይህ ሰይፍ ርዝመቱ ከ2 ሜትር፣ ክብደቱ ከ6 ኪሎ ግራም ያልፋል። በየመሳፍንቱ ቤተ መንግሥት ለሰልፍና ለክብር ዘብ የተሠሩ ሌሎች ታላላቅ ሰይፎችም ይገኛሉ። እነዚህ ግን በሥነ ሥርዓት ቀን ቀጥ ብለው ተይዘው እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱም ከባዱ ቢሆን ከ11 ኪሎ ግራም አይጠጋም።

ስሌቱ የሚናገረው

የ11.3 ኪሎ ግራሙ አኃዝ ሊሆን የማይችል መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ቤተ መዘክር መሄድም አያስፈልግም። የአረብ ብረት እፍግታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ነው። እጀታው፣ መስቀለኛ ብረቱና በእጀታው ጫፍ ያለው ጉልላት በአንድነት 1 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ቢባል፣ ለስለቱ የሚቀረው 10.3 ኪሎ ግራም ወይም 1,312 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት ነው። ስለቱ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አማካይ ውፍረቱ 2.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ለግንባታ የሚያገለግል ጠፍጣፋ ብረት ካልሆነ በቀር ሰይፍ ሊባል አይችልም፤ ሊሳልም አይችልም። በዚያው ርዝመትና ስፋት ጠቅላላ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም የሆነ ሰይፍ ሲሰላ አማካይ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህም በመካከሉ ወፍሮ ወደ ሁለቱ ጠርዞቹ ከሚሳሳ ስለት ጋር የሚስማማ ነው።

የእንቅስቃሴው ስሌት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። ነገሩን ለማቅለል ሰይፉ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ወጥ ዘንግ ነው ተብሎ ይታሰብ። ተዋጊው ሰይፉን አግድም ቢዘረጋውና ሁለቱ እጆቹ በ30 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የፊተኛው እጅ ወደ ላይ የሚሸከመው ኃይል የሰይፉን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ፣ የኋለኛው እጅ ወደ ታች የሚጫነው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በ11.3 ኪሎ ግራም ሰይፍ ይህ ለፊተኛው እጅ 28፣ ለኋለኛው 17 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ነው። በ2.5 ኪሎ ግራም ሰይፍ ግን ስድስት ኪሎ ግራም ከሩብና አራት ኪሎ ግራም የማይሞላ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጠንካራ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ሊችለው ይችል ይሆናል፤ ይዞት ግን ሊዋጋ አይችልም።

ዘንጉ በአንድ ጫፉ ላይ ሲሽከረከር የሚያሳየው እምቢተኝነት፣ በሙያው ቋንቋ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የሚባለው፣ ለከባዱ 8.5፣ ለቀላሉ 1.9 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ያህል ነው። የክንዱ የራሱ ክብደት ካልታሰበ፣ በእኩል የማዞር ኃይል እኩል ማዕዘን ለመዞር ከባዱ ከቀላሉ 2.1 እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰንጠረዡ በውስጡ እርስ በርሱ አይጣላም። ሰይፉ 11.3 ኪሎ ግራም ቢመዝን ኖሮ ለዝግታው የተሰጠው 10 አኃዝ ተገቢ ይሆን ነበር። ስሕተቱ ከክብደቱ ተነሥቶ በትክክለኛ አመክንዮ ወደ ፍጥነቱ ተሻገረ። መነሻው የተሳሳተ ስሌት መንገዱ ትክክል ቢሆንም መድረሻው እንደሚሳሳት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

እውነተኛው ሰይፍ ደግሞ ወጥ ዘንግ አይደለም። አንጥረኛው ስለቱን ከመስቀለኛው ብረት አጠገብ አወፍሮ ወደ ጫፉ እየሄደ ያሳሳዋል፤ በእጀታው ጫፍ ላይ ጉልላት ያኖራል። በዚህ ዘዴ የክብደቱ ማዕከል ወደ እጆቹ ይቀርባል፤ ለመዞር የሚያሳየው እምቢተኝነትም ከዘንጉ በእጅጉ ያንሳል። የሁለት እጆቹ አያያዝ ራሱ ማንሻ ነው። የፊተኛው እጅ እንደ ምርኩዝ ሆኖ ሲቆም የኋለኛው እጅ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጉልላቱን ሲስብ፣ ከፊተኛው እጅ 120 ሴንቲ ሜትር የሚርቀው ጫፍ በአራት እጥፍ ፍጥነት ይጓዛል። ስለዚህ በሁለት እጅ መያዝ ሰይፉን ያፈጥነዋል እንጂ አያዘገየውም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የአሥራ አንድ ኪሎው ሰይፍ በጨዋታው ደራሲዎች አልተፈለሰፈም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓ የመካከለኛውን ዘመን በልብ ወለድና በመድረክ ስታነሣሣ፣ በየአዳራሹ ተሰቅሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሰልፉ ሰይፍ ነበር። በዚያ ላይ የዘመኑ የሰይፍ ግጥሚያ ሊቃውንት ጥበባቸው ከሻካራ ጅማሬ ተነሥቶ በቀጭኑ የግጥሚያ ሰይፍ ፍጹም እንደ ሆነ ያምኑ ነበር። በ1885 የታተመው የኤገርተን ካስል ሥራ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በእነርሱ አስተያየት የቀድሞው ጦረኛ ጡንቻ እንጂ ጥበብ አልነበረውም። ጡንቻ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ከባድ ብረት ማስያዝ የማይቀር ነው። ከዚያም በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፉት የጀግና ተረቶች ይህንኑ ሥዕል እየወረሱ ሄዱ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣውም ከተረት ጸሐፊዎቹ መካከል ነበር። በፊዚክስ ትምህርት የተመረቀው አሜሪካዊ ደራሲ ፖል አንደርሰን በ1978 ባሳተመው መጣጥፍ፣ ሃምሳ ፓውንድ የሚመዝን ሰይፍ የሚያወዛውዝ ጀግና ፈጥሮ በመሳለቅ፣ የሙያ ባልደረቦቹ እውነተኛ ሰይፍ ምን ያህል እንደሚመዝን እንዲያጠኑ አሳስቧል። ይህ የሆነው 25 ፓውንድ የሚለው ሰንጠረዥ በታተመበት በዚያው ዓመት ነው።

የቀድሞዎቹ ሊቃውንት የጻፉት

የሁለት እጅ ሰይፍ እንዴት ይሠራበት እንደ ነበር ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ መምህራኑ ራሳቸው ጽፈውታል። በ1410 ገደማ ኢጣሊያዊው ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ ባዘጋጀው ሥዕላዊ የእጅ ጽሑፍ፣ የብረት ልብስ የለበሱ ተዋጊዎች ግራ እጃቸውን በስለቱ መካከል አሳርፈው ሰይፉን እንደ አጭር ጦር በጥሩሩ መጋጠሚያዎች ላይ ሲያነጣጥሩ ይታያሉ። ብረት ለበስ ሰው በሰይፍ ሲመታ ልብሱ እንደማይቈረጥ ያውቁ ስለ ነበር ክፍተቱን ይፈልጉ ነበር። ይህ ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ማነጣጠርን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ1480ዎቹ ፊሊፖ ቫዲ ለኡርቢኖው መስፍን ባቀረበው ድርሳን የሰይፉን ርዝመት በተዋጊው ቁመት ለክቶ፣ ከመሬት ሲቆም ጉልላቱ ከብብቱ ሥር ሊደርስ ይገባል ብሏል። ይህ በዘመኑ የተሰጠ የዲዛይን ደንብ ነው። የቦሎኛው መምህር አኪሌ ማሮዞም በ1536 ባሳተመው መጽሐፍ ለሁለት እጅ ሰይፍ የራሱን ክፍል መድቦለታል።

ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚው ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ጎሜስ ዴ ፊጌይሬዶ በ1651 የጻፈው ማስታወሻ ነው። በሞንታንቴ፣ ማለትም በትልቁ የሁለት እጅ ሰይፍ፣ አጠቃቀም ላይ ዐሥራ ስድስት ቀላልና ዐሥራ ስድስት ድርብ ደንቦችን ይሰጣል። ደንቦቹ የተከፋፈሉት በአጋጣሚው ዓይነት ነው። አንዱ በጠባብ መንገድ፣ ሌላው በሰፊ መንገድ፣ ሌላው በመርከብ ላይ ባለ ቀጭን መተላለፊያ፣ ሌላው ከፊትና ከኋላ ለሚመጡ ጠላቶች፣ ሌላው አብራ የምትሄድን ወይዘሮ ለመጠበቅ የተዘጋጀ ነው። ሰይፉ ያለማቋረጥ እየተሽከረከረ፣ የአንዱ ምት ፍጻሜ የሚቀጥለው ምት መነሻ እየሆነ፣ አንድ ሰው ብዙ ሰዎችን በርቀት ያግድበታል። ይህ ሥራ ቆም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚወርድ ከባድ ብረት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

በጦር ሜዳም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። ላንድስክኔኽት በተባሉት የጀርመን ቅጥር ወታደሮች ዘንድ የሁለት እጅ ሰይፍ የያዙት ሰዎች እጥፍ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ወገን ነበሩ፤ ከሚመደቡባቸውም ሥራዎች አንዱ ሰንደቅ ዓላማውን መጠበቅ ነበር። የረጃጅም ጦሮችን ዘንግ እየቈረጡ ይጥሉ ነበር የሚለው ብዙ ጊዜ የሚነገር ታሪክ ግን በዘመናችን ተመራማሪዎች ዘንድ አጠራጣሪ ሆኗል።

ትክክለኛ ዋጋ በተሳሳተ ዓምድ

እዚህ ላይ ጨዋታውን የሚከላከል ወገን የሚያቀርበው መልስ አለ፤ መልሱም መናቅ የለበትም። ጨዋታ ቤተ መዘክር አይደለም። ለተጫዋቹ የሚቀርቡት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው ጥቅምና ጉዳት ሊኖራቸው ይገባል፤ አለዚያ ሁሉም ሰው አንዱን መሣሪያ ብቻ ይመርጣል። ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርስ ሰይፍ በዝግታው ካልተቀጣ ሌሎቹን ሁሉ ከገበያ ያስወጣል። ይህ ሚዛን የመጠበቅ ፍላጎት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ የሁለት እጅ ሰይፍ በታሪክም ዋጋ የሚያስከፍል መሣሪያ ነበር። አንደኛ፣ የያዘው ሰው ጋሻ ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛ፣ ለመወዛወዝ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ጨዋታው በሚዘወተርበት ጠባብ የምድር ቤት ዋሻ ውስጥ ይህ ከባድ ችግር ነው። ሦስተኛ፣ ትልቁ ዓይነት በወገብ አይታጠቅም። በጀርባ ካለ አፎት ይመዘዛል የሚባለውም ከንቱ ነው፤ 120 ሴንቲ ሜትር ስለት ለመምዘዝ የሰው ክንድ ርዝመት አይበቃም። በጉዞ ጊዜ በትከሻ ላይ ይያዝ ወይም ከጓዝ ጋር ይጫን ነበር። ስለዚህ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ባለቤቱ ሰይፉ በእጁ ላይኖር ይችላል። አራተኛ፣ ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል።

የ1978ቱ ሰንጠረዥ ከእነዚህ አንዱን በሚገባ ይዞ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ቦታ የሚገልጽ ዓምድ ነበረው። ለሁለት እጅ ሰይፍም 6 ጫማ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ያህል ተመድቦለታል። በ1979ኙ መመሪያም ሁለት ወገኖች እየሮጡ ሲጋጠሙ ረጅም መሣሪያ የያዘው አስቀድሞ እንደሚመታ ተደንግጓል፤ ይህም እውነተኛ ውጊያን የሚመስል ነው። ነገር ግን እነዚህ ዓምዶች ለአጠቃቀም አድካሚ ስለ ነበሩ በብዙ ተጫዋቾች ተዘለሉ፤ በኋለኞቹ እትሞችም ተጣሉ። የቀረው ክብደትና ጉዳት ነው። እንግዲህ ሰይፉ ሊከፍል የሚገባው ዋጋ በቦታ፣ በጋሻና በአያያዝ ዓምድ መጻፍ ሲገባው በክብደትና በዝግታ ዓምድ ተጻፈ። በዋሻው ስፋት የሚቀጣው ሰይፍ ለጨዋታው ሚዛን የዘገምተኛውን ያህል በጠቀመ፣ ተጫዋቹንም ስለ ስፍራውና ስለ ጓደኞቹ አቋቋም እንዲያስብ ባስገደደው ነበር።

ስሞቹም እንደ አኃዞቹ ተዛንፈው ነበር። ጨዋታው ረጅም ሰይፍ ብሎ የሰየመው በአንድ እጅ የሚያዘውን የፈረሰኛ ሰይፍ ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የጀርመን መምህራን ረጅም ሰይፍ ሲሉ ግን በሁለት እጅ የሚያዘውን ማለታቸው ነበር። በኋለኛው እትም ረጅሙ ሰይፍ በአንድም በሁለትም እጅ እንዲያዝ በመፈቀዱ ከታሪኩ ጋር በመጠኑ ታርቋል።

የሚጎዳው ማን ነው

አንድ የተረት ጨዋታ በአኃዝ ቢሳሳት ምን ይጎዳል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ አኃዝ የተበደለው አንጥረኛው ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በምድጃና በመዶሻ፣ ያለ ሙቀት መለኪያ፣ የብረቱን ቀለም በዓይኑ እያየ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ስለት ከ2 ኪሎ ግራም በማይበልጥ አረብ ብረት የሠራ ሰው ነበር። ስለቱ ሲመታ እንዳይሰበር፣ ሲታጠፍ ተመልሶ እንዲቃና፣ ጠርዙ ስል ሆኖ እንዲቆይ፣ ክብደቱም በእጅ አጠገብ እንዲሰበሰብ አድርጓል። እነዚህ አራት መስፈርቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ በመሆናቸው በአንድ ዕቃ ማስታረቅ ዛሬም ቀላል ሥራ አይደለም። 25 ፓውንድ የሚለው አኃዝ ይህን ሁሉ ጥበብ በአንድ መሥመር ሰረዘ፤ ብረት ጨምሮ መሥራት የማንም ሥራ ነውና። አኃዙን ያነበበ ወጣት የጥንት ሰዎች ጉልበት ነበራቸው ብሎ ያደንቃል፤ ዕውቀት ነበራቸው ብሎ ግን አያስብም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጉዳይ ፈጽማ የራቀች አይደለችም። እንደ ማጭድ የታጠፈው ሾተል በውጭ አገር የጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ በስሙ ይታወቃል። ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2011 ባወጣው ዳርክ ሶልስ በተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ሾተል ጋሻን አልፎ የሚመታ ሰይፍ ሆኖ ቀርቧል። ስለ ቅርጹ የሚነገረው ትውፊት በዚህ ተጠብቋል። ክብደቱ፣ የክብደቱ ማዕከልና የመታጠፉ ልክ ግን በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተጫዋቾች ዘንድ የሚታወቀው ጨዋታ ሠሪው በመረጠው አኃዝ ነው። የአውሮፓው ሰይፍ የታተመ የቤተ መዘክር መዝገብ ስለ ነበረው ስሕተቱ በ36 ዓመት ሊታረም ቻለ። የተሟላ ልኬቱ ታትሞ በየእጁ የማይገኝ ዕቃ ግን ስሕተቱን የሚያርም ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ለአንድ ሾተል ወይም ጎራዴ የሚያስፈልጉት ልኬቶች ከዐሥራ ሦስት አይበልጡም። ጠቅላላ ርዝመቱ፤ የስለቱ ርዝመት በቀጥታና በጥምዛዜው ላይ ሲለካ፤ የጥምዛዜው ጥልቀት፤ ስፋቱና ውፍረቱ በእጀታው አጠገብ፣ በመካከሉና በጫፉ አጠገብ፤ ክብደቱ ከአፎቱ ጋርና ያለ አፎቱ፤ በጣት ላይ ሲመዛዘን የሚቆምበት ነጥብ ናቸው። ለዚህም ዐሥር ግራም የሚለይ ሚዛን፣ አንድ ካሊፐርና የሜትር መለኪያ ይበቃሉ። ሰይፎቹ በየቤተ መዘክሩና በየቤተሰቡ እጅ ይገኛሉ፤ በመለካት የሠለጠኑት ሰዎች ደግሞ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ባለ ይዞታዎቹ ፈቃዳቸውን ከሰጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰይፎች ልኬት የያዘ ሰንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። የሰንጠረዡ እያንዳንዱ አኃዝም ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደ ለካው ከጎኑ ሊጻፍበት ይገባል።